የፈራው ሌላ፣ የገደለው ሌላ

በሬዲዮ ከቀረበ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ

ይህን መልእክት በሬዲዮ የሰማችሁ ደግማችሁ እንድታነቡት፣ ያልሰማችሁም እንድትካፈሉት በጽሑፍ አዘጋጅተነዋል። በእጃችሁ የገባው እንዲያው በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። እንግዲህ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ዛሬ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ቀኑ ጁላይ 11 ቀን 1995 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የዳላስ ከተማ። አንድ የ63 ዓመት ሰው ጋዜጠኞች ፊት ቀረበ። ያ አገር ያደነቀው ሰውነት አልቋል። ፊቱ ከስቷል፣ ኮፍያው ሰፍቶታል። ከአንድ ወር በፊት የራሱ ጉበት ወጥቶ የሌላ ሰው ጉበት ተተክቶለታል። ጋዜጠኞቹ ስለ ድሮው ዝና ሊያወሩ መጥተው ነበር። እሱ ግን ወደ ራሱ እያመለከተ፣ አርአያ የምትፈልጉ ከሆነ ይኸውላችሁ፣ እንደ እኔ አትሁኑ አለ። እግዚአብሔር አካል ሰጠኝ፣ ችሎታ ሰጠኝ፣ እኔ ግን አባከንኩት ሲል ተናዘዘ።

ይህ ሰው ሚኪ ማንትል ይባላል። አብዛኞቻችን አናውቀውም፤ እኛ ያደግነው በእግር ኳስና በሩጫ ነው። በአሜሪካ ግን የእሱን ስም ያልሰማ አባት፣ የእሱን ፎቶ ያልሰበሰበ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። በቤዝቦል ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ነው።

ልጁና አባቱ

ሚኪ የተወለደው በ1931 በኦክላሆማ ግዛት ነው። ያደገው ኮመርስ በምትባል ትንሽ የማዕድን ከተማ ውስጥ ነው። አባቱ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ቆፋሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ውሎ፣ አቧራ ለብሶ ይመጣል። ታዲያ ይህ አባት አንድ ሕልም ነበረው፤ ልጄ እንደ እኔ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም የሚል። ገና ሲወለድ እንኳ ስሙን ያወጣለት በአንድ ዝነኛ የቤዝቦል ተጫዋች ስም ነው።

ቤዝቦልን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። መቺው ኳሷን ከሜዳው አጥር ባሻገር ካበረራት ሆም ራን ይባላል። ማንም ሳያስቆመው ሜዳውን ዞሮ ይገባል፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ይጮኻል። የሚኪ አባት ከሥራ ሲመለስ ድካሙን ረስቶ ለልጁ ኳስ ይወረውርለት ነበር። አያቱም ይጨመራሉ። አንዱ በቀኝ እጁ አንዱ በግራው እየወረወሩ፣ ልጁ በቀኝም በግራም ቆሞ መምታት እንዲችል አሠለጠኑት። ከዚያ የኦክላሆማ ግቢ ውስጥ በሁለቱም በኩል የሚመታ፣ አሜሪካ እንደ እሱ ያለ ኃይለኛ አይታ የማታውቀው መቺ ወጣ።

በ1951፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ለታላቁ ቡድን ለኒው ዮርክ ያንኪስ መጫወት ጀመረ። ግን አልቀናውም። አሠልጣኙ ወደ ታችኛው ቡድን፣ ወደ ካንሳስ ሲቲ መለሰው። እዚያም ሲከብደው ለአባቱ ስልክ ደወለ፤ ቤዝቦል በቃኝ አለ። አባትየው መኪናውን አስነሥቶ መጣ። እሽሩሩ ሊለው የመጣ የመሰለው ልጅ ተሳሳተ። አባቱ ሻንጣ አውጥቶ የልጁን ልብስ መክተት ጀመረ። ወንድ ያሳደግሁ መስሎኝ ነበር፤ ና፣ አብረን ማዕድን እንቆፍራለን አለው። ሚኪ አለቀሰ፤ ግን ቀረ። ያን ዓመት ሳይጨርስ ወደ ያንኪስ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት በፍጻሜው ውድድር ላይ፣ ወደ ኳስ ሲሮጥ ጫማው በሜዳው ውኃ መውረጃ ክዳን ላይ ያዘውና የቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ። በማግሥቱ አባቱ ወደ ሆስፒታል ይዞት ሄደ። ከመኪናው ሲወርድ በአባቱ ትከሻ ላይ ተደገፈ። ወገኖቼ፣ ያ ማዕድን የቆፈረ ትከሻ እዚያው ከዳው። አባትየው መሬት ላይ ወደቀ። አባትና ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተኙ። ልጁ ጉልበቱን ይታከማል፤ አባቱ ግን ሆጅኪን የሚባል ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። በ1952 በአርባ ዓመት ዕድሜው ገደማ ሞተ።

በሜዳ ላይ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥር ይናገር። ሚኪ ማንትል 18 የውድድር ዓመት ለአንድ ቡድን ተጫወተ፤ ለያንኪስ ብቻ። 536 ሆም ራን መታ። ከቡድኑ ጋር 7 ጊዜ የፍጻሜውን ዋንጫ አነሣ። በፍጻሜው ውድድር ብቻ 18 ሆም ራን መትቷል፤ በዚህ ማንም አልደረሰበትም። 3 ጊዜ፣ በ1956፣ በ1957 እና በ1962፣ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በ1956 በመምታት አማካይ፣ በሆም ራን ብዛትና ለቡድኑ ነጥብ በማስገኘት፣ በሦስቱም አንደኛ ሆነ። ያን ዓመት ብቻ 52 ሆም ራን መታ። ይህንን ሁሉ ያደረገው ጉልበቱ በፋሻ እየተጠቀለለ፣ እያመመው ነው። በ1969 የለበሰው 7 ቁጥር ማልያ ከእሱ በኋላ ለማንም እንዳይሰጥ ተወሰነ። በ1974 ስሙ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ተጻፈ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ዓለም አለኝ የምትለውን ሁሉ ያገኘ ሰው መሆኑን እንድታውቁ ነው። ጌታ ኢየሱስ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ዓለምን ሁሉ አትርፎ ነፍሱን ስለሚያጣ ሰው ሲጠይቅ፣ እኛ የሩቅ ምሳሌ ይመስለናል። አይደለም። ስምና አድራሻ ያለው ሰው ነው።

የፈራው ሞት

አያቱ በካንሰር ሞተዋል። አጎቶቹም በወጣትነታቸው አልፈዋል። አባቱም ሄደ። ስለዚህ ሚኪ አንድ ነገር በልቡ ቆርጦ ነበር፤ እኔም አርባ ዓመት አልሞላም የሚል። በዘራችን ያለ ነው፣ አይቀርልኝም አለ። ይህን ለጓደኞቹም ይናገር ነበር። ታዲያ ጊዜ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ይጠጣል፣ ይስቃል፣ ይረሳል። መጠጥ ማብዛት የጀመርኩት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው ብሎ ራሱ ተናግሯል። ኋላማ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ በብራንዲ የሚጀምር ሰው ሆነ። ያደረገውን የማያስታውስባቸው ቀናት በዙ።

አርባ ዓመት ሞላው፤ አልሞተም። ሃምሳ ሞላው፤ አልሞተም። እንደዚህ እንደምኖር ባውቅ ኖሮ ራሴን እጠብቅ ነበር እያለ ይቀልድ ነበር። ሰዎችም አብረውት ይስቁ ነበር። እስቲ ቀልዱን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ያስቃል?

ያ የፈራው ሆጅኪን እሱን አልነካውም። መጣ፣ ግን የመጣው ወደ ልጁ ነው። ሦስተኛ ልጁ ቢሊ ገና በ19 ዓመቱ በዚያ በሽታ ተያዘ። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ለራሱ ሲጠብቀው የነበረው ሞት በልጁ በኩል ቤቱን አንኳኳ።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። ስንቶቻችን ነን በዘራችን ያለ ነው እያልን የምንኖር? አባቴ በስኳር ሞተ፣ እናቴን ደም ግፊት ወሰዳት፣ ቤተሰባችን አይሳካለትም፣ የአያቴ እርግማን አለብን እንላለን። በየጸሎት ቤቱ የዘር እርግማን እንዲቆረጥልን እንሰለፋለን። እኔ ጸሎትን አልነቅፍም፤ ጸልዩ። ነገር ግን የነቢዩን የሕዝቅኤልን ምዕራፍ 18 አንብቡ። የእስራኤል ሰዎችም አባቶቻችን በበሉት የእኛ ጥርስ በረደ እያሉ ያማርሩ ነበር። ጌታ ግን ይህን አባባል ዳግመኛ አትናገሩ አላቸው። አባትህ ስላደረገው ሳይሆን አንተ ስለምታደርገው እጠይቅሃለሁ፣ ተመለስና በሕይወት ኑር ማለቱ ነው። ከአያት የወረስነውን እርግማን ስናሳድድ፣ በገዛ እጃችን የምንቀዳውን አላየንም።

ያልፈራው ሞት

ማንትልን የገደለው ከአባቱ የወረሰው አይደለም። በየቀኑ በብርጭቆ የቀዳው ነው ብል ከእውነት አልራቅሁም። ሐኪሞቹ ጉበቱን ሲያዩ የብዙ ዓመት መጠጥ አቃጥሎታል፣ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ አለበት፣ በዚያ ላይ ካንሰር ተጨምሯል። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 23 ስለ መጠጥ ሲናገር፣ ሲጀምር በብርጭቆ ውስጥ እንደሚያምር፣ ሲጨርስ ግን እንደ እባብ እንደሚነድፍ ይገልጻል። እባቡ አርባ ዓመት አብሮት ሲስቅ ኖሮ መጨረሻ ላይ ነደፈው።

ደግሞ እሱን ብቻ አይደለም። አራት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ሕፃናት ሳሉ አባታቸው በጨዋታና በጉዞ ላይ ነው። ካደጉ በኋላ ሲቀርቡት ደግሞ አባት ሳይሆን የመጠጥ ጓደኛ ሆናቸው። ይህን ማንም አልከሰሰውም፤ ራሱ በጸጸት የተናገረው ነው። ወደ ሕክምና ማዕከል ቀድሞ የሄደው እንኳ ልጁ ዳኒ ነው። አባትየው በ1994 መጀመሪያ ላይ ልጁን ተከትሎ ገባ። አያችሁ? ልጅ አባቱን መርቶ ወሰደው።

በዚያ ማዕከል ውስጥ ለሞተው አባትህ ደብዳቤ ጻፍ አሉት። ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀበት፤ አሥሩንም ደቂቃ ሲያለቅስ ነበር። እወድሃለሁ ብሎ ጻፈለት። በሕይወት እያለ ብነግረው ኖሮ ለእኔም ይሻለኝ ነበር አለ። በአደባባይ ስንት ሺህ ሰው ያጨበጨበለት ሰው፣ ለአንድ የማዕድን ቆፋሪ አንዲት ቃል ሳይነግረው አርባ ሁለት ዓመት አለፈ።

ከማዕከሉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ ልጁ ቢሊ በ36 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ከዚህ በፊት ቢሆን ኖሮ ሚኪ ወደ ብርጭቆው ይሮጥ ነበር። አልሮጠም። ቆመ። ይህ ከ536ቱ ሆም ራን የሚከብድ ነገር ይመስለኛል፤ የሚያጨበጭብለት ሰው ግን በሜዳው ዳር አልነበረም።

የጓደኛው ጸሎት

በያንኪስ ቡድን ውስጥ ቦቢ ሪቻርድሰን የሚባል ተጫዋች ነበር። ጌታን የሚወድ ሰው ነው። ሌሎቹ ወደ መጠጥ ቤት ሲሄዱ እሱ ወተት የሚጠጣ ስለነበር ይቀለድበት ነበር። ከ1955 እስከ 1966 ከማንትል ጋር በአንድ ሜዳ ተጫውቷል። የማንትልን ስካር አይቷል፤ ግን አልናቀውም፣ አልራቀውም። ሜዳውን ከለቀቁ በኋላም ወዳጅነቱ ቀጠለ። ለአርባ ዓመት ያህል ጓደኛው ነበር።

በ1995 በዚያ የሕመም በጋ፣ አንድ ማለዳ የሪቻርድሰን ስልክ ጮኸ። ማንትል ነው። በጣም አሞኛል፣ ጸልይልኝ አለው። በስልክ ጸለዩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካንሰሩ ተሠራጭቶ ተስፋው ሲመነምን፣ ሪቻርድሰን ወደ ዳላስ መጣ። ወደ አልጋው ሲጠጋ በሽተኛው ፈገግ አለ። ልነግርህ ስጠብቅ ነበር፤ ክርስቶስን አዳኜ አድርጌ ተቀብያለሁ አለው። የሪቻርድሰን ባለቤት ደግሞ በቀላሉ አላለፈችውም። እግዚአብሔር ፊት ብትቆምና ለምን ላስገባህ ቢልህ ምን ትመልሳለህ ስትል ጠየቀችው። እሱም በዮሐንስ ወንጌል 3፥16 የተጻፈውን፣ እግዚአብሔር ዓለሙን ወዶ አንድያ ልጁን ስለ መስጠቱ የሚናገረውን ቃል በአፉ መለሰላት። 536 ሆም ራን መትቻለሁ አላለም። የተሰጠውን ልጅ ነው የጠራው።

ኦገስት 13 ቀን 1995 አረፈ። በዳላስ በተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ይህን የመሰከረው ያ ወተት ጠጪ ተብሎ የተቀለደበት ጓደኛው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያቺ የመጨረሻ ሁለት ወር ከየት መጣች? ከሌላ ሰው ሞት ነው። ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው ሞተ፤ የእሱ ጉበት ለማንትል ዕድሜ ሆነ። ከአካሉ የተሰጠው ሁለት ወር ቆየ። ከቀራንዮ የተሰጠው ግን እስከ ዘላለም ነው። ሌላው ሞቶ እኔ ኖርኩ ማለት ወንጌል ማለት ይህ አይደል?

እናንተስ?

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ጌታ ይመስገን፣ እኔ አልጠጣም ትሉ ይሆናል። መልካም። ግን ብርጭቆ ሁሉ የመጠጥ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ብርጭቆው ገንዘብ ነው። ለልጆቼ ብዬ ነው እያለ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ልጆቹ ግን የሚያውቁት ጀርባውን ነው። አንዳንዷ ብርጭቆዋ ቂም ነው፤ በየማታው ትንሽ ትንሽ ትቀዳለች። አንዳንዱ ብርጭቆው ስልክ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ጌታ ይርዳን፣ ብርጭቆው አገልግሎት ነው። በመድረክ ላይ ሃሌ ሉያ ሲባልለት ይረካል፤ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ የሚተርፍ ቃል የለውም። የማንትልን ጭብጨባ ስንነቅፍ የራሳችንን አሜን እንመርምር።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ እስቲ ዛሬ ማታ ለብቻችሁ ሁኑና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የምፈራው ምንድን ነው? የምቀዳውስ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ምናልባት አንዱ፣ እንግዲያው እኔም እንደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ ይል ይሆናል። ወንድሜ ስማኝ። የእግዚአብሔር ምሕረት ለማንትል አልዘገየችም፤ በኦገስት መጨረሻዋ ሰዓትም ቢሆን ታድነዋለች። ነገር ግን ቢሊ ከተቀበረ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢሊ ያን የአባቱን ፈገግታ አላየም። የጠፋው የልጆቹ የልጅነት ዘመን አልተመለሰለትም። ጌታ ኃጢአትን ይቅር ይላል፤ ትናንትን ግን ዛሬ አያደርገውም። ደግሞስ ሁለት ወር እንደሚሰጥህ ማን ነገረህ? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው ባለጸጋ አንዲት ሌሊት እንኳ አልተጨመረችለትም።

ሌላው ቃሌ ለጸሎተኞች ነው። የሚጠጣ ወንድም፣ የጠፋ ልጅ፣ የሚያሾፍባችሁ ጓደኛ አላችሁ? ሪቻርድሰን አርባ ዓመት ጠበቀ። አልጨቀጨቀም፣ አልሸሸም፤ ስልኩ ሲጮኽ ግን አነሣ። ስልካችሁን አትዝጉ። ያ ሰው የጨነቀው ማለዳ ማንን እንደሚጠራ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሳይንቀው የቆየውን ሰው ነው።

አባት የሆናችሁ፣ ዛሬ ልጆቻችሁን ጥሩና እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ በሉ። አባት ያላችሁ፣ ሳይመሽ ደውሉ። በባህላችን ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ከመቃብር ላይ ደብዳቤ ከመጻፍ ግን ይቀላል።

ጌታን ለመቀበል ወይም ወደ እሱ ለመመለስ የምትፈልጉ፣ ባላችሁበት ሆናችሁ ከልባችሁ እንዲህ ብላችሁ ጸልዩ፦

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ የሰጠኸኝን አባክኛለሁ። የምፈራውን ስሸሽ በእጄ የያዝኩትን አላየሁም። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ። ስለ እኔ መሞትህን፣ በሦስተኛውም ቀን መነሣትህን አምናለሁ። አዳኜና ጌታዬ ሁን። ብርጭቆዬን ከእጄ ውሰድ፤ የቀረውን ዘመኔን ተረከበኝ። ለቤተሰቤ በረከት አድርገኝ። አሜን።

ይህን ጸሎት የጸለያችሁ፣ ለብቻችሁ አትቅሩ። በአቅራቢያችሁ ላለ አማኝ ወይም አገልጋይ ዛሬውኑ ንገሩ፤ የእግዚአብሔርን ቃል ከሚያስተምር ማኅበር ጋር ተጠጉ። ይህንን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ደግሞ አትጣሉት። የምትጸልዩለት ያ ሰው አለ አይደል? ለእሱ ስጡት።

ጌታ ይባርካችሁ።